ወንድ ልጅ የማይበረክትበት ቤት

አባቴ ሰቆጣ ገበያ ዳር ሱቅ ነበራቸው። ሳሙና፣ ጨው፣ አቡጀዲና ላምባ ይሸጣሉ። ደንበኞቻቸው “ልጅዎ እዚያ ፈረንጅ አገር ምንድን ነው የምትሠራው?” ብለው ሲጠይቋቸው መልሳቸው ሁልጊዜ አንድ ነበር፤ “የሕፃናት ደም ትጠግናለች።” ለእረፍት መጥቼ አጠገባቸው ቁጭ ብዬ እንኳ እንዲሁ ይላሉ። “አባ፣ ገና ምን ጠገንን፤ የተበላሸውን እየፈለግን ነው” እላቸዋለሁ። “ታዲያ ጥገና በምን ይጀመራል?” ይሉና ወደ ሚዛናቸው ይመለሳሉ።

ሥራዬ የተጀመረው ግን ፈረንጅ አገር አልነበረም። ደርግ ከወደቀ ከጥቂት ዓመታት በኋላ የሕክምና ትምህርቴን ጨርሼ እዚያው በተወለድኩበት ከተማ ተመደብኩ። ሐኪሞቹ በጣት የምንቆጠር ነበርን። ታካሚው ከአበርገሌ፣ ከሰሃላ፣ ከደሃና በቃሬዛና በበቅሎ ይመጣል፤ መንገድ ላይ የሚቀረውም ብዙ ነው። ከሱቃችን ደንበኞች አፍ እየሰማሁ ያደግሁ በመሆኔ ኽምጣኛ እችላለሁ፤ ስለዚህ አማርኛ የሚቸግረው ሰው ሁሉ ወደ እኔ ክፍል ይላካል። ከሰዓት በኋላ ሲሆን የማዳምጠው የታካሚውን ልብ ይሁን የራሴን መለየት ያቅተኝ ነበር።

አንድ ቀን ጠዋት ከደሃና ደጋ አንዲት ወጣት ሴት ከእናቷ ጋር መጣች። ሕፃን ታቅፋለች። መንፈቅ አልፎታል አሉኝ፤ ስቀበላት ግን ክብደቱ የአራስ ልጅ ያህል ነው። አፉ ውስጥ እንደ እርጎ ያለ ነጭ ነገር ተጋግሯል። ያስለዋል፣ ያስቀምጠዋል። ክትባት በወሰደበት ክንዱ በኩል ብብቱ አብጧል። ሲያለቅስ ድምፅ የለውም፤ ፊቱን ብቻ ያጨማድዳል።

በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ሕፃን ያየ ሐኪም ሁሉ የሚያስበው አንድ በሽታ ነበር፤ ኤድስ። እኔም እሱኑ አሰብኩ። የእናቲቱን ደም ቀድተን ወደ ደሴ ላክን። ባሏም ተጠርቶ መጣና ሳያንገራግር ክንዱን ዘረጋ። ውጤቱ እስኪመለስ ግን ልጁ አልቆየም። ያለንን መድኃኒት ሁሉ ሰጥቼው ነበር፤ ሳሉ ትንሽ ቀለል ብሎት፣ እንደገና ብሶበት፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እናቱ እቅፍ ውስጥ አለፈ።

በሽታው ግን ያ አልነበረም። ባልና ሚስቱ ሁለቱም ነፃ ናቸው የሚል ውጤት መጣ። ለባሏ ስነግረው ራሱን ነቀነቀ። “አገሩ ሲያወራባት ሰንብቷል” አለኝ። “ወንድሞቼም ፍታት ብለውኛል። እኔ ግን ድሮም ሚስቴን አውቃታለሁ።”

ባልቴቷ እናቷ በዚያ ሁሉ ጊዜ ብዙ አልተናገሩም ነበር። ሬሳውን ገንዘው ሊሄዱ ሲሉ ግቢው ውስጥ አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

“ልጅዎ ሌላ ልጅ አላት?” አልኳቸው።

“አንዲት ሴት አለቻት፤ ደህና ናት። ሴት ያድግልናል። ወንድ ነው የማይበረክትልን።”

“ለእርስዎም እንዲሁ ነበር?”

“ለእኔም፣ ለእኅቴም። እናታችንም እንዲሁ ስትቀብር እያየን ነው ያደግነው። ሲወለድ ደህና ነው፣ ጡት ይዞ ይወፍራል። ከዚያ አፉ ይነጣል፣ ሳል ይይዘዋል። ጥርስ ሳያበቅል ይሄዳል።”

“ምን ይመስልዎታል?”

ነጠላቸውን ትከሻቸው ላይ አስተካከሉ። “ጠበል ገብተናል። ክታብ አሥረናል። ቤቱ ነው ሲሉንም አፍርሰን ሌላ ቦታ ሠርተናል። እንግዲህ ምን ይመስለኛል ልጄ? ደክሞኛል።”

የዚያን ቀን እቤት ገብቼ የተማሪነት መጽሐፌን አወጣሁ። ትምህርት ቤት ሳለሁ ለፈተና ብቻ ያነበብኳት አንዲት ገጽ ነበረች። በእናት በኩል ለወንድ ልጅ የሚተላለፍ፣ ሕፃኑን በሽታ የሚከላከሉ ነጭ የደም ሕዋሶች ሳይኖሩት እንዲወለድ የሚያደርግ ችግር። ለእንዲህ ያለ ሕፃን ጉንፋን ይበቃዋል። ለሌላው ልጅ ጋሻ የሚሆነው የሳንባ ነቀርሳ ክትባት እንኳ ሕይወት ያለው ጀርም ስለሆነ እሱን ያጠቃዋል። ባልቴቷ የነገሩኝ ሁሉ እዚያች ገጽ ላይ ተጽፎ ነበር። ማወቄ ግን ለማንም የጠቀመው ነገር አልነበረም። ሰቆጣ ላይ ሆኜ ላረጋግጠው አልችልም፤ ባረጋግጠውም መድኃኒት የለኝም።

ለከፍተኛ ትምህርት ዕድል ሳገኝ ያመለከትኩት በዚህ ዘርፍ ነበር። አውሮፓ ውስጥ አንድ ቀዝቃዛ ከተማ ሄድኩ። የደረስኩበት ጊዜ ሥራው ተስፋ የተሞላበት ነበር። የዘረ መል ሕክምና ይሉታል። ከሕፃኑ መቅኔ ሕዋሶች ይወሰዳሉ፤ የጎደለው ትክክለኛ ዘረ መል በተገራ ቫይረስ ላይ ተጭኖ ወደ ሕዋሶቹ ይገባል፤ ሕዋሶቹም ተመልሰው ለልጁ ይሰጣሉ። በአንዳንድ አገሮች በዚህ መንገድ የታከሙ ጥቂት ሕፃናት ከተለዩበት ክፍል ወጥተው ከወላጆቻቸው ጋር ቤታቸው ገብተው ነበር። በላቦራቶሪያችን ስለ እነሱ ሲወራ ሰው ሁሉ ድምፁን ዝቅ ያደርግ ነበር፤ ጮክ ብለን ካወራን የሚበላሽ ይመስል።

የእኔ የዕለት ሥራ ግን ከዚያ ተስፋ በጣም የራቀ ነበር። ሕዋስ በሳህን ላይ አሳድጋለሁ። ሕዋስ ቅዳሜና እሑድ አያውቅም፤ በሰዓቱ ምግቡ ይቀየርለታል፣ ሙቀቱ ይታያል። አንዳንዴ ጠዋት ስገባ ሻጋታ ገብቶበት ሁሉም ነጭ ሆኖ ይጠብቀኛል። ያኔ ወራት የደከምኩበትን ቆሻሻ ውስጥ እጥልና እንደገና እጀምራለሁ። አለቃዬ ጥሩ ሰው ነበሩ፤ ፀጉራቸው የሸበተ፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሴት። ሳህኖቼን ስጥል ካዩኝ አዲስ ጓንት አውጥተው አጠገቤ ይቆማሉ።

ስለ ደሃናው ቤተሰብ የነገርኳቸው አብረን ሻጋታ ስናጸዳ ነበር። እጃቸውን አቆሙ። “ባልቴቷ አሁንም በሕይወት አሉ?” አሉኝ። “ይኑሩ አይኑሩ አላውቅም” አልኳቸው። “ሂጂና ደማቸውን አምጪ” አሉ።

ሰቆጣ ስደርስ አባቴን ሽበታቸው ጨምሮ፣ ሱቁን ደግሞ ስልክ ገብቶለት አገኘሁ። ከገበያ የሚመለስ የጭነት መኪና እስከሚደርስበት አደረሰኝ፤ ከዚያ ወዲያ በበቅሎ ነው። ገብሱ ታጭዶ ያለቀበት ወቅት ነበር፤ ነፋሱ ገለባውን እያነሣ ዓይን ውስጥ ይጨምራል። ባልቴቷ አውድማ ላይ ሆነው እህል ሲያበጥሩ ደረስኩ። ወዲያው አወቁኝ።

“የነጋዴው ልጅ አይደለሽም? ከስተሻል” አሉኝ።

ቤት አስገቡኝ። የሙስሊም ልጅ መሆኔን ስለሚያውቁ ማንም ሳይነግራቸው እርጎና ቆሎ ብቻ አቀረቡልኝ። ወጣቷ እናት አጎንብሳ መጥታ ሰላም አለችኝ። ሆዷ ገፍቷል። ያንን ሳይ የያዝኩት ቆሎ እጄ ላይ ቀረ።

ደም ለምን እንደምፈልግ በኽምጣኛ አስረዳኋቸው። ወጣቷ ክንዷን ሰጠችኝና ፊቷን አዞረች። ትንሿ ልጇ ግን ቤቱን በጩኸት ሞላችው፤ እናቷ ጭኗ ላይ አድርጋ ያዘችልኝ። ባልቴቷ መጨረሻ ላይ ሆኑ። የደም ሥራቸው አልገኝ ብሎኝ ስቸገር፣ “ደርቆ ይሆናል” አሉ ፈገግ ብለው። ከዚያ ልጆቻቸው ወጣ እስኪሉ ጠበቁና ጠየቁኝ።

“እንግዲህ ንገሪኝ። ከማን ነው የሚመጣው?”

ይህን ጥያቄ መንገዱን ሁሉ ስፈራው ነበር የመጣሁት። ሌላ መልስ ግን የለኝም። “እኔ እንደማስበው ከሆነ በእናት በኩል ነው የሚተላለፈው” አልኳቸው። “እናቲቱን አይነካትም። አታውቀውም። ማንም ጥፋት አልሠራም፤ እንደ ዓይን ቀለም ከሰው ወደ ሰው የሚወርድ ነገር ነው።”

ውጭ አማቻቸው በሬዎቹን ሲያስገባ ይሰማል። ባልቴቷ ቀስ ብለው፣ “ታናሿ ልጄ ታጭታለች” አሉኝ። “ሠርጓ ለከርሞ ጥር ነው። ይህን ነገር አሁን ለማንም እንዳትነግሪብኝ።”

“አልነግርም” አልኩ። ከባልና ሚስቱ በቀር ለማንም አልነገርኩም።

ደሙን በበረዶ ሣጥን ይዤ እስከ አዲስ አበባ የተጓዝኩትን ጉዞ አሁን ሳስበው ወገቤን ያመኛል። በየከተማው አውቶቡሱ በቆመ ቁጥር በረዶ ፍለጋ ለስላሳ መጠጥ የሚሸጥበት ቤት ሁሉ እገባለሁ። አንዱ ባለ ሱቅ ሣጥኑ ውስጥ ያለው ምን እንደሆነ ጠይቆኝ እውነቱን ብነግረው ገንዘቤን መልሶልኝ በረዶውን በነፃ ሰጠኝ፤ አዝኖልኝ ይሁን ፈርቶኝ አላውቅም።

ላቦራቶሪያችን ስሕተቷን ለማግኘት ብዙ አልተቸገረም። በዚያ ረጅም የዘረ መል ጽሑፍ ውስጥ አንዲት ፊደል ተቀይራለች፤ በባልቴቷም በወጣቷም ደም ውስጥ እዚያው ቦታ ላይ ያችው ፊደል። አለቃዬ ትከሻዬን ነካ አድርገውኝ ሄዱ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። እኔ ግን የማስበው የወጣቷን ሆድ ነበር።

ወንድ ወለደች። አባቴ ናቸው በስልክ የነገሩኝ። ሕፃኑን ወደ ሰቆጣ እንዲያመጡት በአባቴ በኩል ላክሁባቸው፤ ውጤት እስኪታወቅም ክትባት እንዳይሰጠው ለአካባቢው ጤና ረዳት አስነገርኩ። ሰቆጣ አብሮኝ ይሠራ የነበረ የላቦራቶሪ ባለሙያ ከልጁ ተረከዝ ደም ወስዶ በማይክሮስኮፕ አየው። “የምትፈልጊያቸውን ሕዋሶች ፈልጌ አጣኋቸው” አለኝ። ደግሞ እንዲያይ ለመንኩት። ተመልሶ ሲደውል ድምፁ ተቀይሮ ነበር። “የሉም” አለ።

አባቴ ባልና ሚስቱን ከነልጃቸው ከሱቁ ጀርባ ያለች ክፍላቸውን ለቀውላቸው ተቀበሏቸው፤ ሐኪም ቤቱ ቅርብ ነውና። ውኃ አፍልተው ያጠጣሉ፣ ጉንፋን የያዘው ሰው ወደ ጓሮ እንዳያልፍ በሩ ላይ ቆመው ይከለክላሉ። ሳል ያለበት ደንበኛ ሱቅ ሲገባ የሚሸጡለት በመስኮት ነበር። ለልጁ በየቀኑ የሚሰጠውን የበሽታ መከላከያ ሽሮፕ እናቱ ትሰጠዋለች። እንዲህ እየተጠበቀ ወፈረ። ሳቀ አሉኝ።

እኔ ደግሞ በዚያ በኩል ደጅ መጥናት ያዝኩ። የእኅቱ መቅኔ ቢስማማው ከእሷ ወስዶ ለእሱ መስጠት ሌላ መንገድ ነበር፤ ደሟን ብናስመረምር አልገጠመም። አለቃዬ የዘረ መል ሕክምናውን ለሚሰጡ ሐኪሞች ነገሩልኝ። ብዙ ተመላልሰው ጠየቁልኝ። በመጨረሻ “ልጁ ይምጣ፣ እናየዋለን” የሚል መልስ ተገኘ። አባት የፓስፖርት ፎቶ ለመነሣት የሰው ኮት ተውሶ እንደለበሰ አባቴ በስልክ ሲነግሩኝ ይስቁ ነበር።

ከዚያ ወሬው መጣ። ከታከሙት ሕፃናት አንዱ የደም ካንሰር ያዘው። ትንሽ ቆይቶ ሌላው። ቫይረሱ ዘረ መሉን ማስገባት በማይገባው ቦታ አስገብቶ፣ ሕዋሶቹ መባዛታቸውን የሚያቆማቸው ጠፍቶ ነበር። ሕክምናው በየቦታው ታገደ። መታገዱ ትክክል ነበር፤ እኔም ብሆን አግድ ነበር። የዚያን ቀን ላቦራቶሪያችን ውስጥ ሰዉ ሁሉ እያንዳንዱ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ ሳህኑን ያይ ነበር። አለቃዬ ጠሩኝና፣ “የልጁን ነገር አሁን ማንም አይሰማሽም” አሉኝ። ዓይናቸው ቀልቶ ነበር።

ሱቁ ደወልኩ። አባቴ አነሡት።

“አባ፣ ሕክምናው ቆሟል። ልጁ አይመጣም።”

“ለምን?”

“ጭነቱን የሚያደርሰው አህያ ያለ ቦታው አራገፈው። የዳኑት ልጆች ሌላ በሽታ ያዛቸው።”

“እኔ አልነግራትም ልጄ። አንቺ ንገሪያት” ብለው ስልኩን ሰጧት።

ወጣቷ የስልክ እጀታ ይዛ ስለማታውቅ መጀመሪያ ትንፋሿን ብቻ ነው የሰማሁት። ነገርኳት። “መቼ ይከፈታል?” አለችኝ። አላውቅም አልኳት። “እሺ ዶክተር” አለች። “እርስዎም ደክመዋል፤ ድምፅዎ ያስታውቃል።” ከዚያ ስልኩን የት እንደምታስቀምጠው ጠፍቷት አባቴን ስትጠራ ሰማሁ።

ልጁ ክረምቱን አልተሻገረም። ያ ሁሉ በር ጠባቂነት አንዲት ሳል እንዳታልፍ አላገዳትም። አባቴ ከእነሱ ጋር ደሃና ድረስ በበቅሎ ሄደው ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ቆመው ቀብሩን ጠበቁ። ሲመለሱ ሱቁን ለሦስት ቀን ሳይከፍቱት ቀሩ፤ በእድሜያቸው እንዲህ አድርገው አያውቁም ነበር።

ለቅሶ ልደርስ የመጣሁት መንገዱ ደርቆ መኪና ማሳለፍ ሲጀምር ነው። ገና መንደሩ ሳልገባ ጤና ረዳቱ መንገድ ላይ ጠበቀኝ። ትሑት፣ በሥራው ብዛት የከሳ ሰው ነው። በአካባቢው ባሉት ጎጆዎች ሁሉ በእግሩ እየዞረ የሚከትብ እሱ ነበር።

“ዶክተር፣ እናቶቹ ልጅ አላስከትብ አሉኝ” አለኝ። “‘ዶክተሯ ራሷ ክትባት አይስጡት ብላ የለም እንዴ’ ይሉኛል። ስመጣ ሕፃናቱን ይደብቃሉ።”

እንዲህ ይመጣል ብዬ አላሰብኩም ነበር። ለአንድ ልጅ የተነገረ ቃል ሸለቆውን ተሻግሮ ለሁሉም ሆኗል። በዚያ ላይ ያ ልጅ ደግሞ ሞቷል፤ ሰዉ ያልተከተበውን ሞት ከተከተበው ሞት አይለየውም። ኩፍኝ በአጎራባች ወረዳ መግባቱም ይወራ ነበር። በድካም ብዛት እዚያው ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ጤና ረዳቱም አጠገቤ ተቀመጠ።

ለቅሶውን ደርሼ፣ በነጋታው ከእሱ ጋር መዞር ጀመርኩ። በየደጁ እየቆምኩ ያ ልጅ የተለየ በሽታ ነበረበት፣ የእናንተ ልጆች ግን ክትባቱ ያስፈልጋቸዋል እላለሁ። ያዳምጡኛል። ጠላ ባልጠጣም ውኃ ይሰጡኛል። “የተለየው ምንድን ነው?” ይሉኛል ግን። ያንን መመለስ አልችልም፤ ቃል ሰጥቻለሁ። “የተለየ ነው” ብዬ አልፋለሁ። ደግሞ በክትባት ቀን ማንም አይመጣም።

ይህን ለባልቴቷ ማን እንደነገራቸው አላውቅም፤ ምናልባት አማቻቸው ነው። አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰዉ ዋርካው ሥር ተሰብስቦ ሳለ ጤና ረዳቱና እኔ እንደገና ለመናገር ሄድን። እኔ ጀመርኩ። እንደተለመደው አንዲት እናት፣ “የተለየው ምኑ ነው?” አለች። ባልቴቷ ከሴቶቹ መካከል ብድግ አሉ።

በኽምጣኛ ነበር የተናገሩት፤ ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። “የተለየው የእኔ ደም ነው” አሉ። “ከእናቴ ወደ እኔ፣ ከእኔ ወደ ልጄ የመጣ ነው። ወንዶቻችንን የሚገድለው እሱ ነው። ክትባቱ አይደለም፣ ቡዳ አይደለም፣ ያ ስታሙበት የከረማችሁት በሽታም አይደለም። የእኛን ወንድ ልጅ ነው አትከትቡ የተባለው። እናንተ ይህ ደም የላችሁም፤ ልጆቻችሁን አስከትቡ።”

ወጣቷ ልጃቸው ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ቆማለች። ባሏ ከወንዶቹ መካከል ወጥቶ አጠገቧ መጥቶ ቆመ። ባልቴቷ ተቀመጡ። ከዚያ የሰዎቹ ወሬ ቀስ በቀስ ተመለሰ።

ከሰዓት በኋላ ቤታቸው ሄጄ፣ “እናቴ፣ ይህን ማድረግ አልነበረብዎትም” አልኳቸው።

“ማን ያድርግልኝ ታዲያ?” አሉኝ። “እኔ ስንት ወንድ እንደቀበርኩ አገሩ ያውቃል። የሌላው ልጅ በእኔ ሰበብ ሲሞት ቁጭ ብዬ ልይ?”

“የታናሿ ሠርግስ?”

“እሱማ” አሉና ወደ ምድጃቸው ዞሩ።

ሠርጉ ቀረ። የወንዱ ቤተሰብ ሽማግሌ ልኮ በጨዋ ቃል ተሰናበተ። ልጅቱ ለእናቷ አንድም ክፉ ቃል አልተናገረችም፤ ግን ለብዙ ጊዜ አላነጋገረቻቸውም። እኔንም በሄድኩ ቁጥር እጄን ሳትጨብጥ ከፊቴ ታልፍ ነበር። አልፈረድኩባትም።

በሚቀጥለው የክትባት ቀን ሴቶቹ ልጆቻቸውን አዝለው መጡ። ሁሉም አይደሉም፤ ከሩቁ ሸለቆ ያሉት እስከ ዛሬም ይጠራጠራሉ። ኩፍኙ ሲመጣ ያመመው ልጅ ነበር፤ ጤና ረዳቱ ግን ከፈራው በብዙ ያነሰ እንደሆነ ነገረኝ።

እኔ ወደ ላቦራቶሪዬ ተመለስኩ። ሥራው አልቆመም፤ ቀዘቀዘ እንጂ። ዘረ መሉን ያለ ቦታው የማያሳርፍ ሌላ ቫይረስ ፍለጋ ዓመታት ሄዱ። ብዙ ባልደረቦቼ ወደ ሌላ ሥራ ገቡ። አለቃዬ ጡረታ ሲወጡ ጓንቶቻቸውን ለእኔ ትተውልኝ ሄዱ። እኔም አንድ ክረምት ዕቃዬን ጠቅልዬ አዲስ አበባ ላስተምር ተመለስኩ። ተስፋ ቆርጬ አይደለም፤ ሥራውን የሚቀጥሉት ልጆች ከእኔ የፈጠኑና ያልደከሙ መሆናቸውን ስላየሁ ነው። እኔ የማውቀው ነገር የሚፈለገው ደግሞ እዚህ ነው፤ ሳንባው በጉንፋን የሚሞላ ሕፃን ሲመጣ ደሙን በማይክሮስኮፕ አይቶ የሚጠረጥር ሐኪም ማሠልጠን።

አባቴ በዚያው ሰሞን ዐረፉ። ሱቁን ወንድሜ ይዞታል።

ወጣቷ እናት ከረጅም ጊዜ በኋላ እንደገና ወለደች። እሷና ባሏ ተማክረው፣ ፈርተው፣ ደግሞ ደፍረው ነው። ወንድ ሆነ። ሰቆጣ ሄጄ ደሙን ራሴ ወሰድኩ፣ ራሴ ቀለም ቀባሁት፣ ራሴ አየሁት። የምፈልገው ክብ፣ ጥቁር ሰማያዊ ሕዋስ በማየው ቦታ ሁሉ አለ። ዓይኔን ስለማላምነው ሌላ ስላይድ ሠራሁ። እዚያም አለ። ውጭ የሚጠብቁት ባልና ሚስት ሲያዩኝ ፊቴን እንዴት እንዳነበቡት አላውቅም፤ አባትየው ግድግዳውን ተደግፎ ቁጭ አለ። እናቱ ካሏት ሁለት ዘረ መሎች ልጁ የወረሰው ደህነኛውን ነበር። እንዲሁ የዕድል ነገር ነው፤ እኔ የሠራሁት ነገር የለም።

ደሃና ሄጄ ለባልቴቷ ስነግራቸው ምድጃው አጠገብ ተኝተው ነበር፤ እግራቸው አልታዘዝ ብሏቸዋል። “ይደግ” አሉ ብቻ። ከዚያ እጄን ይዘው እንቅልፍ ወሰዳቸው፤ እኔም ተነሥቼ ልሄድ ስል እጄን ያስለቀቅኩ እንደሆነ ይነቃሉ ብዬ ብዙ ቆየሁ።

ታናሿ ልጃቸው በመጨረሻ አገባች። ከሰሃላ የመጣ፣ ሚስቱ የሞተችበት ገበሬ ነው። ሽማግሌ ሲልክ እሷ ራሷ ስለ ደማቸው ሁሉንም ነገር አስነግራው ነበር፤ ሰምቶ፣ አስቦ፣ ተመልሶ መጣ። ሰሞኑን ወንድሜ ከሱቁ ደወለልኝ። “የደሃናዋ ልጅ አርግዛለች፤ ዶክተሯ መጥታ ትይልኝ ብላለች” አለኝ። አሁን ለእሷ የምሰጣት፣ ልጇ ሲወለድ ከተረከዙ የምወስዳት ያችው የደም ጠብታና ማይክሮስኮፔ ነው። የአውቶቡስ ትኬት ቆርጫለሁ፤ ጉልበቴን ያመኛል፤ መንገዱ አሁንም ያው ነው።